የበሬው አማካሪ

ያልተጠየቀውን የሚመልስ ሰው የሌለበት ከተማ እስካሁን አልተቆረቆረም። ከተማው አስፋልት ሳይደርሰው፣ መብራት ሳይገባለት፣ እሱ ቀድሞ ገብቶ ይጠብቃል። ታውቁታላችሁ። ባጃጅ ላይ ከኋላ ተቀምጦ ሾፌሩን መንዳት የሚያስተምረው እሱ ነው። መድኃኒት ቤት ተሰልፋችሁ የሐኪም ወረቀታችሁን በትከሻችሁ አሻግሮ አንብቦ «ይሄንን እንኳ ተዉት፣ ጨጓራ ይልጣል» የሚላችሁ እሱ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሟች በምን እንደሞተ ለሟች ወንድም የሚያስረዳውም እሱ ነው።

ቡታጅራ ላይ ይህ ሹመት የጋሼ ሰይዶ ነው። ማንም አልሾማቸውም፤ ማንም ሊሽራቸውም አልቻለም። ብቻቸውን ይኖራሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የከተማዋን የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ ስለኖሩ ያልረገጡት ግቢ የለም። የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ የማን ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብ፣ የትኛው ጎረቤት ከየትኛው እንደተኳረፈ በቃላቸው ይዘውታል። እዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ከግቢው አጥር ውጪ ያለውንም ዓለም እንደ ቆጣሪው ያነበቡት ይመስላቸዋል። ስለ ልብ ቀዶ ጥገና ሲያወሩም፣ ስለ ጨረቃ ሲያወሩም «በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው» ብለው ነው የሚጀምሩት።

ሚስጥር ይህን ሁሉ ሳታውቅ ነው ቡታጅራ የገባችው።

ሚስጥር ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወላጆቿ ከቡታጅራ ወጥተው መርካቶ የከተሙ ናቸው፤ እናቷ በጉራጊኛ ስታወራት ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በአማርኛ ነው። ሁለት ዓመት የደከመችበትን የመጀመሪያ ፊልሟን ልትቀርጽ፣ ዘጠኝ ሰውና አሥራ ሁለት ቀን ይዛ በጥቅምት መጣች። ከአሥራ ሁለተኛው ቀን በኋላ ዘጠኙም ሰዎች ሌላ ሥራ አላቸው። አሥራ ሦስተኛ ቀን የሚባል ነገር የለም።

ፊልሙ «በጋጣ ያለው ሙሽራ» ይባላል። አንድ ጎረምሳ በእንጀራ እናቱ እርግማን በሬ ይሆናል። ለዚያ ቤት ልትሠራ የመጣች ልጅ አንድ ቀን ጋጣውን ስትጠርግ በሬው አፍ አውጥቶ ያናግራታል። ሦስት ጊዜ ከልቧ ካሳቃት ሰው ይሆናል፤ ካላሳቃት በሬ እንደሆነ ይቀራል። በቃ ይኸው ነው። ሚስጥር ሰው እያለቀሰ የሚወጣበት ፊልም ሰልችቷት ነበር። ሰው ስቆ፣ ሲወጣም ሳያስበው የጎኑን ሰው እጅ እንዲይዝ ፈልጋ ነው የጻፈችው።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በሆቴሉ በረንዳ ላይ ቁርስ እየበሉ ሳለ፣ ከጎናቸው ካለው ጠረጴዛ አንድ ወንበር ከነባለቤቱ ዞረ።

«ፊልም ነው አሉ» አሉ ጋሼ ሰይዶ።

«አዎ ጋሼ» አለች ሚስጥር።

«እስቲ ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ካሜራማኑ ራምዚ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎት የሻዩን ብርጭቆ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ታሪኩ ሲያልቅ ዓይናቸው ተገለጠ።

«ሦስት ስህተት አለበት» አሉ። «አንደኛ፣ በሬሽ የሚናገረው በአዲስ አበባ አማርኛ ነው። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ አድጎ ከየት አመጣው? ሁለተኛ፣ ልጅቷ በማለዳ ጤዛ ያለበት ሣር ታጭድለታለች ብለሻል። ሆዱ ይነፋል! ፍቅርሽ ሰኞ ተጀምሮ ማክሰኞ ያልቃል።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛውን ቦታው ላይ ስንደርስ አሳይሻለሁ።»

«ስንደርስ» የምትለዋን ቃል ሚስጥር ልብ ያለቻት ከቁርስ በኋላ ነው። ወደ ሚኒባሱ ስትወጣ ጋሼ ሰይዶ ከሾፌሩ ጎን ቀበቶ አስረው ተቀምጠዋል። ስምንት ኪስ ያለው ሰደርያ ለብሰዋል። ከአንዱ ኪስ ቆጣሪ ሲያነቡ ይጠቀሙባት የነበረችው የእጅ ባትሪ አንገቷን አውጥታለች።

«ረፍዷል» አሉ ለሾፌሩ።

ውረዱ የሚላቸው ሰው ጠፋ። ራምዚ ከኋላ ሆኖ «አቦ ክቡር አማካሪ፣ እንኳን ደህና መጡ» አላቸው። ራምዚ የቀለደ መስሎታል። እሳቸው ግን ሹመቱን ዞር ብለው በራሳቸው ነቅነቅ አድርገው ተቀበሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም መንደር ውስጥ ለጠየቃቸው ሁሉ «የፊልሙ አማካሪ ነኝ» ይሉ ነበር። ላልጠየቃቸውም።

ቀረጻው ከቡታጅራ በላይ፣ ዘቢዳር ተራራ ሥር ባለች መንደር ነው። ጀፎረው፣ ማለትም በቤቶቹ መካከል የተነጠፈው ያ ሰፊ የሣር መንገድ፣ በጥቅምት ፀሐይ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሏል። ራምዚ እንዳየው ካሜራውን ያወጣው ከሚኒባሱ ሳይወርድ ነው።

ጋሼ ሰይዶ ሰማዩን አዩ። «ዛሬ አይዘንብም» አሉ። «የዘቢዳርን አናት ተመልከቱ። እንዲህ ሲሆን ዘንቦ አያውቅም።»

በዘጠኝ ሰዓት ዘነበ። ሁሉም አንድ ላስቲክ ሥር ተጠጋግተው፣ ውሃ በአንገታቸው እየገባ ሳለ፣ ክቡር አማካሪ ጢማቸውን እየጠረጉ፣ «ይሄ ዝናብ አይደለም» አሉ። «ጉም ነው የሚንጠባጠበው።»

በሁለተኛው ቀን ቃለአብ፣ በሬ ከመሆኑ በፊት ጎረምሳውን ሆኖ የሚተውነው የወልቂጤ ልጅ፣ ጀፎረው ላይ ለልጅቷ አበባ ሲሰጥ ይቀረጽ ነበር። ልጅቷን የምትሆነው ትዕግስት እጇን ስትዘረጋ «ቁረጥ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ወደ ሚስጥር ዞሩ። ሚስጥር አልተናገረችም።

«ሦስተኛው ስህተት ይኸው! አበባ?» አሉ ጋሼ ሰይዶ፣ በሁለቱ ተዋንያን መካከል ቆመው። «አበባ የሚሰጠው ለፍየል ነው! ጨዋ ልጅ ሣር ነጭቶ ጀፎረ ላይ ቢገተር ወንድሞቿ ምን ይሉታል? አሞት ነው ይሉታል እንጂ አፈቀረ ይሉታል?»

ሚስጥር ዓይኗን ጨፍና እስከ አሥር ቆጠረች። ከኋላዋ ግን ሊያዩ የተሰበሰቡት የመንደሩ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቁ ነበር። በመጨረሻ ቃለአብ አበባውን ጥሎ የልጅቷን የሣር ሸክም ተሸከመላት። ትዕይንቱ የተሻለ ሆነ። ይህንን ሚስጥር ለማንም አልተናገረችም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጋሼ ሰይዶ ሦስት ነገር ሲናገሩ አንዱ እውነት ነው። የቱ እንደሆነ ግን እሳቸውም አያውቁትም። ትዕግስት እንሰት ስትፍቅ አቀማመጧ የእንግዳ መሆኑን ነገሯት፤ ሴቶቹም አዎ አሉ። ቀጥለው የራምዚን ካሜራ መስታወት አቧራ አለበት ብለው በሰደርያቸው ጫፍ ወለወሉት፤ ራምዚ ለሩብ ሰዓት ያህል ሰው አላናገረም።

ለፊልሙ የተዘጋጀው በሬ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የመብራቱን ነጸብራቅ ሲያይ ደንብሮ በሰው እንሰት ውስጥ አቋርጦ ጠፋ። ሚስጥር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ጽሑፏን ደረቷ ላይ አቀፈች። ያለ በሬ የበሬ ፊልም እንዴት ይሠራል?

«ሀጀራ ጋ አንድ አለ» አሉ ጋሼ ሰይዶ። «ዓለም ቢገለበጥ የማይደነግጥ።»

ይህቺ ከሦስቱ እውነተኛዋ ነበረች።

እትዬ ሀጀራ ባላቸው ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለት ሴት ልጆቻቸው አግብተው አንዷ ቡኢ፣ አንዷ አዲስ አበባ ናቸው፤ እሳቸው በመንደሩ ዳር ካለ ሰፊ ጎጆ ከአንድ በሬ ጋር ይኖራሉ። በሬው ዳለቻ ይባላል። መልኩ አመድማ ነው፤ ግራ ቀንዱ ወደ ታች ታጥፎ ጆሮውን ሊያዳምጥ የጎነበሰ ይመስላል። እናቱ የወለደችው ቀን ስለሞተች እትዬ ሀጀራ በጠርሙስ አጥብተው ነው ያሳደጉት።

«አሰላሙ አለይኩም ሀጀራ!» አሉ ጋሼ ሰይዶ ከአጥሩ ውጪ።

«ወአለይኩም ሰላም» አሉ እትዬ ሀጀራ። ከዚያም ወደ ሚስጥር ዞረው፣ «ይሄ ሰውዬ ዛሬም ማውራት አልተወም?»

ምክንያት ነበራቸው። ከዓመታት በፊት ጋሼ ሰይዶ ገበያ መሀል የእትዬ ሀጀራን ቅቤ አሽትተው፣ ቅቤ እንዴት እንደሚናጥ ለራሳቸው ለእትዬ ሀጀራ ሲያስረዱ፣ ገዢው ሁሉ ሰምቶ ሄደ። እትዬ ሀጀራ ያንን ቅቤ ይዘው ተራራውን መልሰው ወጥተውታል።

በሬውን ግን ለሚስጥር ሰጧት። «አይመታም። ፀሐይ ላይ ብዙ አይቆምም። እኔም ባለሁበት ነው» አሉ። ዳለቻ ካሜራው ፊት ቆመና እያመነዠከ ወደ መስታወቱ አየ። ራምዚ ከካሜራው ቀና ብሎ «ከሁላችንም እሱ ይሻላል» አለ።

ስድስት ቀን ሥራው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ልጅቷ መጀመሪያ ስትስቅ የበሬው ጥላ የሰው ጥላ ይሆናል፤ ያ ተቀረጸ። ሁለተኛ ስትስቅ የኮቴው ዱካ የእግር ዱካ ይሆናል፤ ያም ተቀረጸ። ሦስተኛው ሳቅ ግን እምቢ አለ። ትዕግስት አሥራ አራት ጊዜ ሳቀች፤ አሥራ አራቱም ጊዜ የሳቀችው ተዋናይዋ ናት እንጂ ልጅቷ አይደለችም። ቃለአብ ከካሜራው ኋላ ፊቱን አጣመመላት። ጋሼ ሰይዶም ቀልድ አውቃለሁ ብለው ጀመሩ። ቀልዱ ሃያ ደቂቃ ፈጅቶ ስለ ቧንቧ ግፊት በሚያስረዳ ንግግር አለቀ።

ስምንተኛው ቀን ላይ፣ ሰው ሁሉ ምሳውን በልቶ ጥላ ሥር ተጋድሞ ሳለ፣ እትዬ ሀጀራ ወደ አማካሪው ጠጋ አሉ።

«ሰይዶ፣ መጨረሻው ምንድን ነው?»

ጋሼ ሰይዶ የፊልሙን ጽሑፍ አላነበቡም። ማንም አልሰጣቸውም። ለሌላው ሰው የዚህ ጥያቄ መልስ አንዲት ቃል ናት። እሳቸው ግን ያቺን ቃል ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ ለሀጀራ ደግሞ ከሌላው ሰው ሁሉ ይበልጥ መናገር አልፈለጉም።

«ሠርግ ነው» አሉ።

«ሠርግ መሆኑንማ ሰምቻለሁ። በሬው ምን ይሆናል?»

«እንግዲህ…» አሉ ጋሼ ሰይዶ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ያለ እርድ ሠርግ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እትዬ ሀጀራ ተነሥተው የዳለቻን ገመድ ፈቱ። በእንሰቱ መሀል፣ እሳቸው ከፊት በሬው ከኋላ፣ ቀስ ብለው ሲሄዱ ሁሉም ሊያጠጡት የሄዱ መሰለው።

ሳይመለሱ ሲቀሩ ሚስጥር ቤታቸው ሄደች። በሩ ተዘግቷል።

«እትዬ ሀጀራ፣ ምን አጠፋን?»

«በሬዬን ለቢላ አላሳደግኩም» አለ ድምፅ ከውስጥ።

«ማን ነው ይታረዳል ያለው? ተረት እኮ ነው! መጨረሻው ላይ ሰው ይሆናል።»

«ሰው ከሆነ በሬው የት ሄደ?»

ሚስጥር ሁለት ዓመት ስትጽፈው ይህ ጥያቄ አንድም ቀን አልመጣባትም።

«ሂጂ ልጄ» አሉ እትዬ ሀጀራ። «አንቺ ደህና ልጅ ነሽ። ሰይዶ ግን ነግሮኛል።»

ሚስጥር ተራምዳ ሳይሆን ሮጣ ነው የተመለሰችው። ሌላ በሬ ማምጣት አይቻልም፤ ያ የታጠፈ ቀንድ በስድስት ቀን ቀረጻ ውስጥ አለ። ጋሼ ሰይዶ ለራምዚ ስለ ደመና ያስረዱ ነበር።

«ጋሼ ሰይዶ፣ ጽሑፉን አንብበውታል?»

«የቱን?»

«ፊልሙን! መጨረሻውን!»

«እንደ ወጉ ከሆነ እንግዲህ…»

«አንብበውታል ወይ?»

«አላነበብኩም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ታዲያ ‹አላውቅም› ማለት ምን ነበረበት? አንድ ቃል! ሁለት ዓመት የለፋሁበትን… ከነገ ጀምሮ አይምጡ፣ ጋሼ። ይበቃል።»

ጋሼ ሰይዶ ባትሪዋን ከኪሳቸው አወጡ፤ አዩዋት፤ መልሰው ከተቷት። ሚኒባሱን እምቢ ብለው ቁልቁለቱን በእግራቸው ወረዱ። ሚስጥር እፎይ ያለችው ለአሥር ደቂቃ ያህል ነው። ወደ ከተማ ሲመለሱ ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ ከኋላ ተጣበው የተቀመጡት ሁሉ ግን አንዳቸውም ተነሥተው አልተቀመጡበትም። በመንገድ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ይዘንባል አይዘንብም የሚል ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ሚስጥር ትዕግስትንና ራምዚን ይዛ እንደገና ልትለምን ወጣች። ትዕግስት የልጅቷን ልብስ ለብሳለች፤ ከታረቁ ወዲያው ሊቀርጹ ነው። እትዬ ሀጀራ ግቢ በር ላይ ሲደርሱ ግን ቀድሟቸው የደረሰ ሰው አለ።

ጋሼ ሰይዶ ከሱብሂ ሶላት በኋላ በእግራቸው ተነሥተው ዳገቱን ወጥተዋል። ሰደርያው የለም። ለዒድ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው፣ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ሆኖ ግቢው መሀል ቆመዋል። እትዬ ሀጀራ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን አጣምረዋል። ዳለቻ ከጎናቸው ታስሮ ያመነዥካል።

«ነገሩ ምን መሰለሽ ሀጀራ» ይላሉ ጋሼ ሰይዶ፣ «በመስቃን የሠርግ ሥርዓት መሠረት…»

«አጭር አድርገው።»

«ማለቴ በአጠቃላይ ስለ ሠርግ ስንነጋገር…»

«አንተ ሰይዶ!» አሉ እትዬ ሀጀራ። «ቢላ ያሳየኸው እኔን አይደለም። እሱን ነው። ለእሱ ንገረው።»

«ለማን?»

«ለዳለቻ።»

ጋሼ ሰይዶ ግራ ቀኙን አዩ። ሚስጥርና ሁለቱ ልጆች አጥሩ ጋ ቆመው እንደሚያዩአቸው አላወቁም። ራምዚ ማንንም ሳያስፈቅድ ካሜራውን ትከሻው ላይ አወጣ።

ጋሼ ሰይዶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኮታቸውን ቆለፉ። ወደ በሬው አንድ እርምጃ ቀረቡ።

«ጌታው» አሉ።

ትዕግስት ከንፈሯን ነከሰች።

«ጌታው፣ እኔ ጽሑፉን አላነበብኩም። ሀጀራ ስትጠይቀኝ… መልሱን… እንዲያው መልሱን…» ቃሉ እንደ ዛገ ቧንቧ አልከፈት አላቸው። ዳለቻ ማመንዠኩን ትቶ አያቸው። «አላውቀውም ነበር» አሉ ጋሼ ሰይዶ።

አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ማቆም አልቻሉም። «አላውቀውም! የልብ ቀዶ ጥገናም አላየሁም። ጨረቃንም እንደ ሰው ሁሉ ከዚሁ ከታች ነው የማያት። ደመና የት እንደሚሄድ የማውቀው ነገር የለም።» ዞሩና ወደ ሴትየዋ አዩ። «ቅቤ መናጥም አላውቅም፣ ሀጀራ። ያን ቀን ያወራሁት ቶሎ ሸጠሽ እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው።»

እትዬ ሀጀራ ያጣመሩት እጃቸው ተፈታ።

ዳለቻ አንገቱን ዘረጋ። በዚያ እንደ ሞረድ በሚሻክር ምላሱ የጋሼ ሰይዶን ፊት ከአገጫቸው እስከ ግንባራቸው አንድ ጊዜ ሙሉውን ላሰ፤ ሲጨርስ ነጩን ኮፍያ በጥርሱ አንሥቶ ማመንዠክ ቀጠለ።

ትዕግስት ፈነዳች። ሳቋ መጀመሪያ በአፍንጫዋ ወጣ፤ ከዚያ ጎንበስ አለች፤ ከዚያ ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ እንባዋን በልብሱ እጅጌ እየጠረገች በሬውን እያየች ሳቀች። እትዬ ሀጀራም በርጩማቸው ላይ ወደ ኋላ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። ጋሼ ሰይዶ ግማሽ ፊታቸው በበሬ ምራቅ እያብረቀረቀ፣ «ኮፍያዬን! ወላሂ፣ ከመካ የመጣ ኮፍያ ነው!» እያሉ ጫፉን ይጎትታሉ። ዳለቻ አይለቅም።

«ያዝኩት» አለ ራምዚ በሹክሹክታ። «ሚስጥር፣ ሳቁን ያዝኩት።»

እትዬ ሀጀራ በሬውን መለሱ። ሁለት ነገር ጠየቁ። አንደኛው በሬው እንደማይሞት በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ነው። ሚስጥር ወረቀት ላይ «በሬው አይሞትም» ብላ ጽፋ ፈረመች፤ እትዬ ሀጀራም አንብብ ብለው ለጋሼ ሰይዶ ሰጡ። ጋሼ ሰይዶ አነበቡት። ምንም አልጨመሩበትም። ሁለተኛው፣ ቀረጻው እስኪያልቅ የዳለቻን ሣር አጭዶ የሚያመጣው ሰይዶ እንዲሆን ነው። በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ማጭድ ይዘው፣ ጤዛው እስኪደርቅ ጠብቀው፣ ሦስቱንም ቀን አጨዱ።

መጨረሻውንም ሚስጥር ለወጠችው። በሬው የት ሄደ የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነስቷት ነበር። በአዲሱ መጨረሻ ጎረምሳው ሰው ሲሆን በሬው አይጠፋም፤ ከጎኑ ቆሞ ይቀራል፤ በሠርጉም ቀን አንገቱ ላይ ነጠላ አስሮ ሚዜ ይሆናል። እትዬ ሀጀራ ሲቀረጽ አይተው «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራው አለቀ፤ ሁሉም ወደየሥራው ተበተነ።

የቀረው የበሬው ድምፅ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሦስት ተዋንያን ሞከሩት። አንዱ እንደ ዜና አንባቢ፣ አንዱ እንደ ሰባኪ ሆነበት፤ ሦስተኛው በሬ ለመምሰል ያገሣ ነበር። ሚስጥር አንድ ሳምንት አመነታችና ቡታጅራ ደወለች።

ጋሼ ሰይዶ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሱ። ለድምፅ ባለሙያው ስለ ማይክሮፎን አሥር ደቂቃ አስረዱት። መስታወቱ ኋላ ገብተው ጆሯቸው ላይ ማዳመጫው ሲደረግላቸው ግን ዝም አሉ። ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙና በዚያ በጉራጊኛ በተቃኘ አማርኛቸው አነበቡ፦ «እኔ ብዙ አወራለሁ፤ አንቺ ግን ሳቂ። ከሳቅሽ ሰው እሆናለሁ።»

እንደሚተውን ሰው አላሉትም። የድምፅ ባለሙያው እጁን ቁልፉ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ሚስጥር በመስታወቱ አሻግራ አየቻቸውና፣ ይሄ ሰው ይህን የሚናገረው ለማን ይሆን ብላ አሰበች።

በየካቲት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ሚስጥርና ራምዚ ፊልሙን እያቀናበሩ ሳለ ስልኳ ጠራ። እትዬ ሀጀራ ነበሩ።

«ልጄ፣ ሰይዶ ሽማግሌ ላከብኝ።»

ሚስጥር ከወንበሯ ተነሣች። «ጋሼ ሰይዶ? ሽማግሌ?»

«ሦስት። ሣሩን ሲያመጣ ከርሞ ከርሞ…»

«ቆይ፣ አሁንም ሣር ያመጣሉ?»

«አላቆመም እኮ። እና ልነግርሽ የደወልኩት…»

«እትዬ ሀጀራ፣ እንዳይቸኩሉ!» አለች ሚስጥር። «እምቢ እንዳይሏቸው። ይስሙኝ። አውቃለሁ፣ ያደክማሉ። ብዙ ያወራሉ። ግን እሳቸው የሚያወሩት ቤታቸው ሲገቡ የሚያናግራቸው ስለሌለ ነው። ለእርስዎ ያጠፉትን ለማስተካከል በጭቃ ዳገቱን የወጡ ሰው ናቸው። ስንት ወንድ ነው በሰው ፊት አላውቅም ብሎ የሚናገር? እኔ በሥራዬ ስንት ሰው አይቻለሁ፤ አንድ አላየሁም። ደግሞ በባዶ አይናገሩም፤ አበባውን ያስጣሉት እሳቸው ናቸው፣ እርስዎን ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው። በእሳቸው ድምፅ ነው ፊልሙ ነፍስ የዘራው። የጠፉ ዕለት መኪናው ውስጥ አንድ ሰው ሳይሆን አሥር ሰው የጎደለ ነው የመሰለን። እኔ አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ ስሳሳት የሚቆጣኝ ሰው ሳይኖር ነው ያደግኩት። ስለዚህ ስለ እሳቸው ስናገር…» ራምዚ ሥራውን ትቶ አፉን ከፍቶ ያያታል። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም፤ ስለ ሁለተኛ ትዳር፣ በሸመገሉ ጊዜ ስለሚያስፈልግ ጓደኛ፣ ስለ ብቸኝነትና ስለ ደም ግፊት ሳይቀር አስረዳች።

ስትጨርስ ስልኩ ውስጥ ከሩቅ በሬ ሲያገሣ ተሰማ።

«ጨረስሽ?» አሉ እትዬ ሀጀራ።

«ጨረስኩ።»

«እሺ ካልኩት ሳምንት አለፈኝ። የደወልኩት ኒካው የፊታችን እሑድ ነው ልልሽ ነው።»

ሚስጥር ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ታዲያ ለምን አላቋረጡኝም?»

«እንዲህ አምሮብሽ ስትናገሪ ማቋረጥ ነውር መሰለኝ። ደግሞ ሰይዶም እዚሁ ነው፤ ሰምቶሻል። አሁን ኮቱን ፊቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፣ አያናግርሽም።» ትንሽ ሳቅ አሉ። «ካሜራውን ሳትይዢ ነይ። ካሜራ ካየ ያወራል፣ ቃዲው ደግሞ ቸኳይ ሰው ነው።»

ሚስጥር ስልኩን ዘግታ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች።

«እሑድ ቡታጅራ እንሄዳለን» አለችው ለራምዚ።

«ለቀረጻ?»

«ለሠርግ።»

«የማን?»

«የቤተሰብ» አለችው።